ጀልባ ላይ ያለ ምድጃ ከመጣሉ በፊት

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣

በጋዜጣችሁ የማስታወቂያ ገጽ ላይ ያገለገሉ የጋዝ ምድጃዎች ለሽያጭ ይወጣሉ። ገዢው ቤት ውስጥ ከሆነ በባለሙያ አስገጥሞ ይጠቀምበታል፤ እሰየው። ለንደን ውስጥ በካናሎቹ ላይ በጠባብ ጀልባ የሚኖር ሰው ግን ከዚሁ ገጽ ገዝቶ ጀልባው ላይ ሲገጥመው አደጋ ገዝቷል ማለት ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ አውጥቶ የጣለው የጀልባ ምድጃ ብዙውን ጊዜ በትንሽ ዕቃ የሚጠገን መሆኑ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የጀልባ ነዋሪዎች የቱ ተጠግኖ እንደሚሠራ፣ የቱ እንደሚቀየር፣ የቱ ደግሞ ፈጽሞ እንደማይነካ ለይተው እንዲያውቁ ነው። ለማስታወቂያ ገጻችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ ጀልባን ከቤት የሚለየውን ነገር ላስረዳ። በሲሊንደር የሚመጣው ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ ገደማ። ቤት ውስጥ ያፈሰሰ ጋዝ በበር ሥር ሾልኮ ሊወጣ ይችላል። ጀልባ ግን ከታች የተደፈነ ገንዳ ነው። ያፈሰሰው ጋዝ ከወለሉ ሥር ወርዶ ይተኛል፤ እዚያ ደግሞ ባትሪው፣ የውኃ ፓምፑና የኤሌክትሪክ ሽቦው አሉ። ከአየሩ ሁለት በመቶ ያህሉ ፕሮፔን ከሆነ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ስለዚህ ጀልባ ላይ የሚገጠም ምድጃ እያንዳንዱ በርነር፣ እሳቱ በነፋስ ወይም በገነፈለ ድስት ሲጠፋ ጋዙን በራሱ የሚዘጋ መሣሪያ ሊኖረው ይገባል። ያረጁ የቤት ምድጃዎች፣ በተለይ ከላይ ባሉት በርነሮች ላይ፣ ይህ የላቸውም።

ሁለተኛው ልዩነት የጋዙ ዓይነት ነው። በብሪታንያ ወደ ቤት በቧንቧ የሚገባው የተፈጥሮ ጋዝ ግፊቱ 20 ሚሊባር ገደማ ነው። ጀልባ ላይ በተለምዶ ፕሮፔን በ37፣ ቡቴን በ28 ሚሊባር ይሠራል፤ በአውሮፓ ስታንዳርድ የተሠሩ ጀልባዎች ደግሞ 30 ሚሊባር ይጠቀማሉ። ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ምድጃ ጄቱ፣ ማለትም ጋዙ የሚረጭባት የነሐስ ቀዳዳ፣ ሰፊ ነው። ፕሮፔን ሲገባበት እሳቱ ረጅምና ቢጫ ይሆናል፤ ድስቱን ጥላሸት ያለብሰዋል፤ መርዛማውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝም ያመርታል። «ጄቱን ብቻ ቀይረው» የሚል ሻጭ አትመኑ። እሳቱ ዝቅ ሲል የሚያልፈውን ጋዝ የሚመጥነው ትንሽ ብሎንም አብሮ መቀየር ወይም መስተካከል አለበት፤ ለጋዝ መለወጫ የፋብሪካ ዕቃ የሌለው ምድጃ ደግሞ ጨርሶ አይለወጥም። የትኛው ለምን እንደተሠራ የሚናገረው ከኋላው፣ ከሥሩ ወይም በመጋገሪያው በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ነው። የጋዙ ዓይነትና ግፊቱ እዚያ ተጽፏል። ሰሌዳው የተፋቀ ከሆነ ምድጃውን አትግዙት።

አሁን ወደ ብልሽቱ። ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ የደከመው አንድ በርነር ነው ወይስ ሁሉም? ሁሉም ከደከሙ ምድጃው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከሲሊንደሩ እስከ ምድጃው ባለው መንገድ ላይ ነው። አንዱ ብቻ ከደከመ ችግሩ እዚያው በርነር ላይ ነው። ይህችን ሳይለዩ ደህና ምድጃ የጣሉ ብዙዎች ናቸው።

ሁሉም ሲደክሙ መጀመሪያ ሲሊንደሩ ምን እንደያዘ እዩ። ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ሲል መትነኑን ያቆማል፤ ስለዚህ በጥር ጠዋት ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ እያለ ምድጃው አይነድም። ፕሮፔን እስከ 42 ከዜሮ በታች ድረስ ይተናል፤ ክረምትን ጀልባ ላይ ለሚያሳልፍ ሰው የሚሆነው እሱ ነው። ከቡቴን ወደ ፕሮፔን ሲዛወሩ ግን ሬጉሌተሩም፣ ማለትም የሲሊንደሩን ግፊት ዝቅ አድርጎ የሚያስተካክለው ዕቃ፣ አብሮ መታየት አለበት፤ መግጠሚያቸውም ግፊታቸውም የተለያየ ነው። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ ይቀመጥ። ከተጋደመ ፈሳሹ ራሱ ወደ ሬጉሌተሩ ይገባና እሳቱ ድንገት ይንበለበላል።

ቀጥሎ ሬጉሌተሩ። ሽፋኑ ላይ ያለችው ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ በቆሻሻ ወይም በነፍሳት ጎጆ ከተደፈነች ግፊቱ ይዛባል። ግፊቱ ሲበዛ እሳቱ ከበርነሩ ላይ እየተነሣ ይንሳፈፋል፣ ያፏጫል፤ ሲያንስ ደግሞ ያንቀላፋል። ሬጉሌተር አይጠገንም፤ ይቀየራል። 10 ዓመት የሞላውን ባይበላሽም ቀይሩት። የጋዝ ጎማውን ደግሞ ጽሑፉን አንብቡት፤ የተሠራበት ዓመት ታትሞበታል። በአምስት ዓመቱ ይቀየር፤ ከዚያ በፊትም ስታጥፉት ስንጥቅ ካሳየ፣ ከተለጠጠ ወይም ከለሰለሰ አይቆይም። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር አይብለጥ፤ በግድግዳ ወይም በቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቆ አይለፍ። የብረት ማሰሪያውን ከልክ በላይ የሚያጠብቅ ሰው ጎማውን ይቆርጠዋል፤ ፍሳሹም እዚያው ይጀምራል።

አንድ በርነር ብቻ ሲደክም በአብዛኛው ምክንያቱ ወጥ ነው፤ የገነፈለ ወጥ፣ የቀለጠ ቅቤ፣ በበርነሩ ቀዳዳዎች ላይ የደረቀ በርበሬ። ክዳኑንና ቀለበቱን አውጥታችሁ በሙቅ ውኃና በሳሙና ዘፍዝፉት፣ በጥርስ ብሩሽ እሹት፣ ከዚያ ፍጹም አድርቁት። እርጥብ በርነር አየሩን ስለሚያውክ ቢጫ እሳት ይሰጣል፤ ሰውም ሌላ ብልሽት የተፈጠረ ይመስለዋል። ክዳኑ ሲመለስ ጥርሶቹ ቦታቸው መቀመጣቸውን በጣት አዙራችሁ አረጋግጡ። ጄቱን ግን በመርፌ አትጎርጉሩት። ቀዳዳው በፕሮፔን ምድጃ ላይ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ መርፌው ያሰፋዋል። ከዚያ በኋላ ያ በርነር ለዘለዓለም ጥላሸት ይጥላል። የተደፈነ ጄት በአልኮል ይዘፈዘፋል፣ በታመቀ አየር ይነፋል፤ ካልሆነ ያንኑ ቁጥር የያዘ አዲስ ጄት ይገባል። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

በጣም ብዙ ምድጃ ያስጣለው ብልሽት ግን ይህ ነው፦ ቁልፉን ተጭነው ሲለኩሱት ይነድዳል፤ ጣት ሲነሣ ይጠፋል። «ምድጃው ሞተ» ይባላል። የሞተው ምድጃው ሳይሆን ቴርሞካፕሉ ነው። ከበርነሩ ጎን የቆመችው ቀጭን ብረት ጫፏ በእሳት ሲጋል ጥቂት ሚሊቮልት ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፤ ያቺ ኤሌክትሪክ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጉዛ ከቁልፉ ኋላ ያለ ማግኔት ትይዛለች፤ ማግኔቱም ጋዙን ክፍት አድርጎ ያቆያል። እሳት ሲጠፋ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፣ ማግኔቱ ይለቃል፣ ጋዙ ይዘጋል። በጤነኛ ምድጃ ላይ ቁልፉን ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ከያዙት በኋላ ሲለቁት እሳቱ ይቆያል።

ካልቆየ በቅደም ተከተል እንዲህ ይመርመር። ጫፉ እሳቱ ውስጥ ገብቷል? ድስት ገፍቶት ወይም ሲጸዳ ተጣምሞ ከእሳቱ ወጥቶ ከሆነ ወደ ቦታው መመለሱ ብቻ ይበቃል። ጥላሸት ወይም የደረቀ ቅባት ለብሷል? በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ብረቱ እስኪያበራ አጽዱት። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ቀጣዩ የሽቦው ሌላኛ ጫፍ ነው፤ ቫልቩ ላይ የገባው ትንሽ ዳዶ በጀልባው ንዝረት ይላላል፣ በእርጥበትም አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። በጣት ጠብቆ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ይጨመርበታል፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ጫፉ ላይ ያለችው ማገጃ ትጨፈለቅና ሌላ ችግር ይመጣል። ይህም ካልረዳ ቴርሞካፕሉ ይቀየር። ሲገዛ ሦስት ነገር ይለካል፤ የሽቦው ርዝመት፣ የቫልቩ በኩል ያለው ጥርስ ዓይነትና ስፋት፣ የጫፉ ቅርጽ። «ለሁሉም ይሆናል» ተብለው የሚሸጡት በአብዛኛው ለውኃ ማሞቂያ የተሠሩ ናቸው፤ የምድጃ በርነር ላይ ቁመታቸው አይገጥምም። አሮጌውን ነቅሎ ይዞ መሄድ ይሻላል። አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፦ ቁልፉን በላስቲክ ወይም በእንጨት ሽብልቅ ተጭኖ እንዲቆይ ማድረግ ሰው መግደያ ነው። የተበላሸውን መሣሪያ አልፎ ጋዙን ወለሉ ሥር የሚከፍት ማለት ነውና።

ክብሪት የማያስፈልገው ምድጃ ብልጭታ ሲያጣ ደግሞ መጀመሪያ ባትሪው ይታይ፤ ብዙዎቹ በአንድ ትንሽ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፣ የባትሪው ማረፊያም በጀልባ ጤዛ ይዝጋል። ብልጭታ የምትሰጠውን ብረት የሸፈነው ነጭ ሸክላ ከተሰነጠቀ ብልጭታው በስንጥቁ ይሸሻል። ያለ ብልጭታ በክብሪት መጠቀም ይቻላል፤ አደጋ የለውም።

እስካሁን ከተናገርኩት ውስጥ ማጽዳቱ፣ ማየቱ፣ ባትሪ መለወጡ የባለቤቱ ሥራ ነው። የጋዝ መስመር መክፈት ግን አይደለም። በብሪታንያ ጀልባው መኖሪያ ከሆነ የጋዝ ሥራውን የሚሠራው በጋዝ ሴፍ ሬጅስተር፣ ማለትም በጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ፣ የተመዘገበ፣ መታወቂያው ላይም ጀልባና የሲሊንደር ጋዝ የተጻፈለት ባለሙያ መሆን አለበት፤ ሕጉ የ1998ቱ የጋዝ ደኅንነት ደንብ ነው። የቤት ቦይለር የሚሠራ ሁሉ ጀልባ መሥራት አይፈቀድለትም። ካርዱን ገልብጣችሁ ኋላውን አንብቡ። ብልሽቱን አስቀድማችሁ ከለያችሁ ግን ባለሙያው ለአንድ ቴርሞካፕል ይመጣል እንጂ አዲስ ምድጃ አይሸጥላችሁም።

የፍሳሽ ምርመራ ግን የየሳምንቱ የባለቤት ሥራ ነው። ሲሊንደሩ በተቀመጠበት ሳጥን ውስጥ ፈሳሽ ያለበት ትንሽ የመስተዋት መመርመሪያ ካለ፣ የምድጃውን ቁልፎች ሁሉ ዝጉ፣ ሲሊንደሩን ክፈቱ፣ መመርመሪያውን ተጫኑ። አረፋ ካልታየ መስመሩ ደህና ነው፤ አረፋ ከታየ ሲሊንደሩን ዝጉና ባለሙያ ጥሩ። ከሌላችሁ አስገጥሙ፤ በጀልባ ላይ ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ የተሻለው ይሄ ነው። የሳሙና አረፋም ይሠራል፣ ነገር ግን የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነሐሱን ስለሚበላው በኋላ በውኃ ይታጠብ። የሲሊንደሩ ሳጥን ሥር ያለችውን ወደ ውጭ የምታፈስ ቀዳዳም ተመልከቱ። ቅጠልና ጭቃ ከደፈናት ሳጥኑ የፈሰሰውን ጋዝ አጠራቅሞ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ውስጥ ጋዝ ከሸተተ ግን ምንም ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፣ የኤሌክትሪክ ፓምፑንም ጭምር፤ ሲሊንደሩን ዘግታችሁ፣ በርና መስኮት ከፍታችሁ ውጡ።

አሁን ስለ አየር። በክረምት ብርድ ሲገባ መተንፈሻዎቹን በጨርቅ የሚደፍን ሰው ራሱን እያነቀ ነው። በብሪታንያ ጀልባዎች ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ስሌት ይህ ነው፦ ጭስ ማውጫ ለሌለው ምድጃ በእያንዳንዱ ኪሎዋት 2,200፣ በእያንዳንዱ ሰው 650 ስኩዌር ሚሊሜትር። ስድስት ኪሎዋት ምድጃ ሁለት ሰው ባለበት 14,500 ይሆናል፤ ግማሹ ከታች፣ ግማሹ ከላይ። የትንኝ መከላከያ ወንፊት ስፋቱን ስለሚቀንሰው ከስሌቱ ይቀነስ።

እዚህ ላይ የኛን ቤት የሚመለከት ነገር አለ፤ ቡናው። ከሰል ውጭ ተያይዞ ጭሱ ካለቀ በኋላ «አሁን ጠራ» ተብሎ ወደ ጀልባው ይገባል፣ ጀበና ይጣድበታል፣ ዕጣንም ይጨስበታል። ቀልቶ የሚግለው ጭስ አልባ ከሰል ነው ካርቦን ሞኖክሳይድ አብዝቶ የሚያወጣው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። በር ከፍቶ መቀመጥ በቂ አይደለም። ከሰል ጀልባ ውስጥ አይግባ፤ ፍሙ ደብዝዞ አመድ ቢለብስም እንኳ። ቡናው በጋዙ ይፈላ፣ ዕጣኑ በትንሽ የኤሌክትሪክ ማጨሻ ይጨስ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል ከ2019 ሚያዝያ 1 በፈረንጆቹ ጀምሮ በብሪታንያ ካናል ጀልባዎች በቦት ሴፍቲ ስኪም (የጀልባ ደኅንነት ሥርዓት) ምርመራ ግዴታ ሆኗል፤ ምርመራው በየአራት ዓመቱ ነው። ደወሉ ላይ 50291-2 የሚለው ቁጥር ይፈለግ፤ መጨረሻ ያለችው 2 ለጀልባና ለተንቀሳቃሽ ቤት የተሠራ መሆኑን ታሳያለች። ማለቂያ ዘመኑም ታትሞበታል፤ መሞከሪያ ቁልፉ ሲጫን ስለጮኸ ብቻ ጤነኛ ነው አይባልም።

ሌላው የኛ ዕቃ ምጣዱ ነው። ከአገር ቤት የሚመጣው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ማሪና፣ ማለትም የጀልባ ማቆሚያ፣ ላይ ያለው ሰማያዊ ሶኬት 16 አምፔር ከሆነ 3,680 ዋት ድረስ ይችላል፤ ምጣዱ ብቻውን ይሠራል፣ ማንቆርቆሪያ ወይም የባትሪ ቻርጀር ሲጨመር ግን ይዘጋል። ስድስት ወይም 10 አምፔር ብቻ የሚሰጡ ማቆሚያዎችም አሉ። የብሪታንያው ባለ ሦስት እግር ሶኬት 13 አምፔር፣ ማለትም 3,000 ዋት ገደማ ብቻ ስለሚችል፣ ምጣዱን በሱ መሰካት ሶኬቱን ያቀልጠዋል። ከባትሪ ልጋግር ለሚል ደግሞ፦ 2,000 ዋት እንኳ ከ12 ቮልት ባትሪ በኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚለውጥ መሣሪያ) ሲወጣ 180 አምፔር ገደማ ነው። የተለመዱት የአሲድ ባትሪዎች ይህን ለአንድ ሰዓት አይሸከሙም።

የምጣዱ ማሞቂያ ሽቦ ሲበጠስ ሰዎች ጫፍና ጫፉን ጠምዝዘው ያገናኙታል። የተጠማዘዘው ቦታ ከሌላው በላይ ይግልና እዚያው ይበጠሳል። ይባስ ብሎ የተቃጠለውን ቆርጠው ሲያሳጥሩት ኃይሉ ይጨምራል፤ አንድ አሥረኛው ቢያጥር የሚወስደው ዋት አንድ ዘጠነኛ ገደማ ያድጋል፣ ያ ደግሞ የማቆሚያውን ፊውዝ ያልፋል። ትክክለኛው መንገድ ሽቦውን ሙሉ ለሙሉ መቀየርና በመልቲሜትር መለካት ነው። በ230 ቮልት ለ3,500 ዋት 15 ኦም፣ ለ2,000 ዋት 26 ኦም ተኩል ገደማ ይነበባል። ለጀልባ የምመክረው ሁለተኛውን፣ ከ40 ሳንቲሜትር ገደማ ምጣድ ጋር ነው፤ ትልቁ ሸክላ በ2,000 ዋት ቶሎ አይግልም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ሸክላው ከእርጥበት ውኃ ስለሚጠጣ ሳምንት ሳይጋገርበት ከቆየ ሲሰካ መከላከያ ማብሪያው ይዘልላል፤ ምጣዱ አልተበላሸም፣ ማድረቅ ነው። የብረት አካሉ ከመሬት ሽቦ (ኧርዝ) ጋር መታሠሩን ግን ሳያረጋግጡ አይሰኩት።

«እንግዲያው በጋዝ ልጋግር» ለሚል አንድ ጥንቃቄ፦ ሰፊ ምጣድ በሁለት በርነር ላይ ሲጣድ እሳቱን ከላይ ይደፍነዋል፤ ሙቀቱ ወደ ታች ተመልሶ ቁልፎቹን ያቀልጣል፣ አየር ያጣው እሳትም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመርታል። በርነሩ ላይ ካለው የድስት ማስቀመጫ ጠርዝ ብዙ የማይወጣ ቀለል ያለ ምጣድ ይመረጥ።

በሸራ ጀልባ የሚኖሩ ጥቂቶች አሁንም የአልኮል ወይም የላምባ ምድጃ አላቸው። የአልኮሉ ብዙም አይበላሽም፤ ጣሳው ፍጹም ሳይቀዘቅዝ አይሞላ፣ በብርሃን እሳቱ ስለማይታይም እጅ ሳይቀርብ ይፈተሽ። ግፊት ያለው የላምባ ምድጃ ፓምፑ ሲደክም ቆዳው ደርቆ ነው፤ ዘይት ሲቀባ ይመለሳል። ቢጫ የሚንበለበል እሳት ከሰጠ በርነሩ በአልኮል በቂ ሳይሞቅ ላምባው ተለቅቆበታል።

ምድጃው በእርግጥ ያለቀለት፣ ማለትም የመጋገሪያው ውስጥ ብረት የበላው ወይም የቫልቩ አካል የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ለጀልባ የተሠራ ይገዛ። ስፋት፣ ቁመት፣ ጥልቀት ብቻ አይለካ፤ የጀልባው መግቢያ በርም ይለካ፣ አዲሱ ምድጃ በዚያ ማለፍ አለበትና። አሮጌው ተነቅሎ ሲወጣ የመዳብ ቧንቧው ጫፍ በባለሙያ መክደኛ ይታሠር እንጂ በጨርቅ አይደፈን። አዲሱ ወለሉ ላይ በብሎን ይታሰር፤ ጀልባው ሲጋጭ ምድጃው ቧንቧውን እንዳይነቅል።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው። የጋዝ ምድጃ ለመሸጥ ማስታወቂያ የሚያወጣ ሰው አራት ነገር እንዲጽፍ ይጠየቅ፦ የተሠራበት የጋዝ ዓይነት፣ ግፊቱ በሚሊባር፣ በእያንዳንዱ በርነር ላይ እሳት ሲጠፋ የሚዘጋ መሣሪያ ያለው መሆን አለመሆኑ፣ የመረጃ ሰሌዳው የሚነበብ መሆን አለመሆኑ። ሁለት መስመር ቦታ አይፈጅም። የማስታወቂያ ክፍላችሁ ሠራተኞች ሻጩን በስልክ ሲቀበሉ እነዚህን አራቱን እንዲጠይቁ አንድ ቅጽ ብታዘጋጁ፣ ቃላቱን በአማርኛ አስተካክዬ ያለ ክፍያ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጀልባ ጋዝ ምድጃ ጠጋኝ
ለንደን